ወንዝ የተሻገረው መርፌ

አዴ ዘይቱና መሞታቸውን የሰማሁት ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተኝቼ ነው። ስልኬን ያነሳው ሜካኒኩ ነበር። «ግርማ፣ አንዲት ሴትዮ አረፉ እያሉህ ነው» አለኝና ጎንበስ ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘልኝ። የደወለችው ልጃቸው ነበረች። ስኳሩ ኩላሊታቸውን እንደጎዳው አውቅ ነበር። ዛሬ ነገ እጠይቃቸዋለሁ ስል ነው ያመለጡኝ። ከመኪናው ሥር ወጥቼ፣ እጄን እንኳ በደንብ ሳልታጠብ ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ።

ለቅሶ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ አማቻቸውን «ሟቿ ሥራቸው ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀው። «የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ» አለና ጨዋታውን ወደ ዝናቡ መለሰው። ውሸት አይደለም። ግን አዴ ዘይቱና ዕድሜያቸውን የጨረሱት ውሻ ሲከትቡ ነው፤ ቤተሰባቸው ደግሞ ነገሩን እስከ መጨረሻው አልለመደውም። ስምንት ዓመት ሙሉ ሾፌራቸው የነበርኩት እኔ ደሜ ፈላ። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ዋጥ አደረግኩት።

አዴ በኦሮምኛ ለተከበረች ሴት የሚሰጥ መጠሪያ ነው። ስማቸው ከሱ ተለይቶ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። አጭር፣ መነጽራቸው ወፍራም፣ እጃቸው ለቁመታቸው የማይመጥን ትልቅ ነበር። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆነው የተቀጠሩት ለከብት ነው፤ ውሻው በኋላ የመጣ ነው፣ ሌላው ባለሙያ ሁሉ ሲሸሸው እሳቸው ላይ የቀረ። «ለውሻ በኦሮምኛ፣ ለቢሮ በአማርኛ፣ ለአላህ በዐረብኛ እናገራለሁ፤ ከሦስቱ የማይሰማኝ ቢሮው ብቻ ነው» ይሉ ነበር።

እኔ ደግሞ ውሻ እፈራለሁ። ይህን የደበቅኳቸው የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀን የቡ የምትባለው ከተማ አካባቢ አንድ ግቢ ስንደርስ በሩን ቆልፌ መሪውን ጨብጬ ተቀመጥኩ። መጥተው መስታወቱን አንኳኩ። «ያ ግርማ፣ ውረድ። ውሻው መንጃ ፈቃድ የለውም፣ መኪናህን አይወስድብህም» አሉኝ፤ «ያ» በኦሮምኛ ሰው መጥሪያ ነው። ወረድኩ፤ ግን ከመኪናው አልራቅኩም። ስምንት ዓመትም እንዲሁ አለፈ።

ከክትባቱ ሳጥን ጎን ሁልጊዜ አንድ የቀለም ቆርቆሮ አፈር ይይዛሉ። መጀመሪያ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ መታጠብ አለበት፣ ከሰባቱ አንዱ በአፈር፤ እንደዚያ ነው ሃይማኖታቸው የሚያዘው። መንደር በጨረስን ቁጥር ውሃ አፈስላቸዋለሁ፣ እሳቸው እየቆጠሩ ይታጠባሉ፣ ከዚያ ይሰግዳሉ። በየመንደሩ ያሉ ሽማግሌዎች ይህን አይተው ነው ያመኗቸው። ውሻ የምትነካ ሴት ሃይማኖቷን የተወች መስሏቸው የመጡ ሰዎች ጀሪካኑን ከእጄ ተቀብለው ውሃ ሲያፈስሱላቸው አይቻለሁ።

ለመንደሩ ሴቶች የሚያስተምሩትም ከዚያው የተነሣ ነበር። «ውሻ የላሰውን ድስት ሰባት ጊዜ ታጥባላችሁ» ይሏቸዋል። «የነከሰውን የልጃችሁን እግር ግን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ታድራላችሁ። ድስቱ ይበልጣል?» ሴቶቹ ይስቃሉ። እሳቸው አይስቁም። «ሩብ ሰዓት ሙሉ፣ በሳሙና፣ በሚፈስ ውሃ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ በዚያው ቀን» ይላሉ። የሐኪም ቤት ፖስተር ያልቻለውን ያ የድስት ነገር ቻለው።

በመሐል የውጭ አገር ሰዎች ገንዘብ ያለበት ትልቁ ዘመቻ መጣ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሠላሳ ላይ፣ ውሻ በሚያስተላልፈው የእብደት በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ዓለም ተስማምቷል ተባለ። ከመቶ ሰባው ውሻ ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ ያጣል ተባለ። አዴ ዘይቱና ስብሰባውን ጨርሰው ሲወጡ «ደግ ተስማምተዋል። ውሾቹ ግን ስብሰባው ላይ አልነበሩም» አሉኝ። ቀልዳቸው እንጂ ነገሩን ከልባቸው ነበር የያዙት። ዓመቱን በወረቀት ጽፈው መኪናው ውስጥ ለጥፈውታል።

ከዘመቻው ጋር አንድ ፈረንጅ ባለሙያ ቅጽ ይዞ መጣ። ቅጹ ላይ «የውሻው ባለቤት» የሚል ክፍል አለ። ገጠር ገባን። በየቤቱ «ይህ ውሻ የማን ነው?» ሲባል «ኬኛ ሚቲ»፣ የኛ አይደለም፣ ይላሉ። ውሻው ደጃፋቸው ላይ ተኝቶ፣ ጅራቱን እየቆላ፣ «ኬኛ ሚቲ»። ውሻ አለኝ ማለት ለብዙዎቹ የሚያሳፍር ነገር ነበር። ፈረንጁ እስከ እኩለ ቀን ቅጹን «ባለቤት አልባ» እያለ ሞላው። አዴ ዘይቱና ቅጹን ተቀበሉትና ለቀጣዩ ገበሬ ጥያቄውን ለወጡት፦ «ይህ ውሻ የማንን በቆሎ ከከርከሮ ይጠብቃል?» ገበሬው ቀና ብሎ «የኔን ነዋ» አለ። «ታዲያ ያዝልኝ» አሉት፤ ያዘላቸው፣ ከተቡት። ማታ ላይ በዚያ ቀበሌ ባለቤት የሌለው ውሻ ሦስት ብቻ ቀረ።

እስካሁን ያወራሁት ስማቸውን የሚያስጠራውን ነው። የማልረሳቸው ግን በሌላ ነገር ነው።

የቡና ለቀማ ወቅት ነበር። ከየቡ ወዲያ፣ በግንድ ድልድይ የሚሻገሩት ወንዝ አለ፤ መኪና አያልፈውም። መኪናውን ወንዙ ዳር አቁመን በእግራችን ተሻግረን ውሾች ስንከትብ፣ ረዲያ የምትባል የሦስት ልጆች እናት ቡና ስትለቅም ውሻ ባቷን እንደነከሳት ሰማን። ያው ውሻ ጥጃም ነክሶ፣ አፉ አረፋ ደፍቆ በማግስቱ ሞቷል። የእብድ ውሻ መሆኑ አያጠራጥርም። ከተነከሰች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ቤቷ ስንደርስ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ረዲያ፣ ጤና ጣቢያው ከዚህ አንድ ሰዓት አይሞላም። መኪናው ከወንዙ ማዶ ቆሟል፤ ተነሺ» አሏት።

«አውቃለሁ አዴ። ግን ወንዝ አልሻገርም። የአባ ፊጣን መድኃኒት ጠጥቻለሁ፤ አርባ ቀን ወንዝ እንዳትሻገሪ ብለውኛል። ከተሻገርኩ መድኃኒቱ ይሻራል፣ በሽታው ይነሣብኛል።»

አባ ፊጣ በዚያ አገር የታወቁ መድኃኒት አዋቂ ናቸው። ሥር ቀጥቅጠው በወተት ያጠጣሉ፤ የጠጣውን ሰው ቡችላ የመሰለ ነገር ይወጣዋል ይባላል። እኔ ትዕግሥት አጣሁ። «ይሄ እኮ ተረት ነው፤ ልጆችሽን ለማን ልትተዪ ነው?» አልኳት። ረዲያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አዴ ዘይቱና ክንዴን ይዘው አወጡኝ። «ያ ግርማ» አሉኝ ውጭ፣ «ሰው የሚፈራውን ነገር ተረት ነው ስትለው ፍርሃቱን አይተውም፤ አንተን ይተውሃል።» ከዚያም ቀጥ ብለው ወደ አባ ፊጣ ቤት ሄዱ።

አባ ፊጣ ሽበታም፣ ረዥም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። አዴ ዘይቱና ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ስለ መርፌ አላነሱም። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ቡናው፣ መድኃኒቱን ከማን እንደተማሩ ጠየቋቸው። ከአባታቸው ነው አሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ።

በመጨረሻ «አባ ፊጣ፣ በሽተኛዋ ወንዝ እንዳትሻገር ብለዋል። ሌላ ሰው ወደሷ ቢሻገርስ?» አሏቸው።

«ሰው ቢሻገር ማን ከለከለ?»

«ሰውየው ዕቃ ቢይዝስ?»

«ዕቃ ምን አጠፋ?»

«ዕቃው ውስጥ መርፌ ቢኖርስ?»

አባ ፊጣ ሳቁ። «አንቺ ሴትዮ የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን የምትጥዪ አይደለሽም» አሏቸው። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው «አንድ ነገር አለኝ። መርፌውን አምጪ፣ ውጊያት። ነገር ግን በመርፌ ዳነች ብለሽ አገር ላገር አታውሪ። የአባቴ መድኃኒት በሰው ፊት እንዳይዋረድ» አሉ።

አዴ ዘይቱና ብዙ አላሰቡም። «ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለት ነው። «ሆድ ይፍጀው። ቃሌ ነው።»

ጤና ጣቢያው ያለው ነርስ ክትባቱ ከግቢ አይወጣም፣ መመሪያ ነው አለ። «መመሪያውንም ይዘኸው ና፤ እሱም ይሻገር» አሉት። ደጃፉ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አልነሣም ሲሉት አብሮን መጣ። መርፌው አራት ስለሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ወንዙን ተሻገርን። በሦስተኛው ጊዜ ሌሊቱን ዘንቦ ግንዱ እንደ ሳሙና ያንሸራትት ነበር። ሳጥኑን ልሸከም ስል እምቢ አሉኝና በነጠላቸው እንደ ሕፃን ጀርባቸው ላይ አዝለው፣ በእንብርክክ ግንዱን እየዳሰሱ አለፉ። ነርሱ ከኋላቸው ሆኖ እናቱን ይጠራ ነበር።

ረዲያ ዳነች። አርባው ቀን ሲሞላ ድግስ ተደገሰ። የተመሰገኑት አባ ፊጣ ናቸው። ረዲያ ራሷ «መርፌው ለቁስሉ ነው፤ ያዳነኝ የሳቸው መድኃኒት ነው» ትል ነበር፤ ከልቧ አምናበት። የአባ ፊጣ ስም ወንዙን ተሻግሮ የቡ ደረሰ፣ ደዶ ደረሰ። «ላቡ የኛ፣ ስሙ የሳቸው» እያልኩ ስነጫነጭ፣ አዴ ዘይቱና «ሰው ይዳን እንጂ ስሙን ማንም ይውሰደው» ይሉኝ ነበር። ያኔ ይህ አባባላቸው ትልቅነት መስሎኝ ነበር። ለእሳቸውም እንዲሁ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ማርቆስ ከወላይታ መጥቶ የቡ ላይ የሚሠራ አናጢ ነበር። እንጨት ሲልግ መዝሙር የሚዘምር፣ ደስ የሚል ሰው። ቤቱ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ነው። በቀጣዩ ዓመት ያሳደገው ውሻ እጁን ነከሰውና ጠፋ። ማርቆስ ገበያ ላይ ረዲያን አግኝቶ ጠየቃት። እሷም ለወንድሟ እንደምትመክር መከረችው። ከጤና ጣቢያው አጥር ሥር ተነሥቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ አባ ፊጣ ዘንድ ሄደ። መድኃኒቱን ጠጣ። ከዚያ በኋላ ወንዙን ተመልሶ መሻገር ስለማይችል፣ እዚያው ማዶ የሃይማኖት ወንድሙ ቤት ሆኖ አርባ ቀኑን መቁጠር ጀመረ።

አርባው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በሽታው ተነሣበትና ተሸክመው አሻገሩት። ወደ ጅማ የወሰድነው እኛ ነን። ውሃ ሲያይ ጉሮሮው ይታነቃል። የመስኮቱን ንፋስ እንኳ አልቻለውም፤ መስታወቶቹን ሁሉ ዘግቼ ነዳሁ። አዴ ዘይቱና ከኋላ ጭንቅላቱን ይዘውታል። በመሐል ረጋ ሲልለት «የጤና ጣቢያውን በር የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አዴ» አላቸው። «ቁልፉን የገጠምኩትም እኔ ነኝ። እዚያው ነበርኩ እኮ።» እኔ በመስታወት አየኋቸው፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ውጭ ውጭ ያያሉ። ይህ በሽታ አንዴ ከተነሣ ማንም ሐኪም አይመልሰውም። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ሚስቱ ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ስንቀርባት ቀና ብላ አዴ ዘይቱናን «ረዲያ የዳነችው በምን ነበር?» አለቻቸው።

መዋሸት ይችሉ ነበር። «በመርፌ ነው» አሏት።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?»

እኔ ዓይኔን ጫማዬ ላይ ተከልኩ። «ዝም አይነቅዝም» ይላል የኛ ሰው። የኛ ዝምታ ግን ነቅዞ ነበር፤ ለዚያውም ሰው በላ። አዴ ዘይቱና ቃል ሰጥቼ ነው አላሉም፣ አባ ፊጣን አልወቀሱም። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ» ብለው አጠገቧ መሬቱ ላይ ተቀመጡ። እስኪመሽ አልተነሡም።

ለአምስት ቀን ሥራ አልገቡም። በስድስተኛው ቀን መጥተው «መኪናውን አስነሣ» አሉኝ። ወዴት ብዬ አልጠየቅኩም።

አባ ፊጣ ደጃፋቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘናቸው። የከሱ መሰለኝ። አዴ ዘይቱና አልተቀመጡም። «ቃሌን ልመልስልዎ መጣሁ» አሏቸው። «ከዛሬ ጀምሮ ዝም አልልም። ገበያ ላይም መስጊድ ደጅም እናገራለሁ።»

«ለማርቆስ የሰጠሁት አባቴ የሰጠኝን ነው» አሉ አባ ፊጣ። «የሰው ሞት ፈልጌ አይደለም።»

«አውቃለሁ። እርስዎ መድኃኒት ሰጡት። የማይገባዎትን ስም የሰጠሁዎት ግን እኔ ነኝ። ማርቆስ ወንዙን የተሻገረው ያንን ስም ብሎ ነው።» እዚህ ላይ አለቀሱ። ከዚያ በፊት ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አላየሁም።

አባ ፊጣ በልባቸው ምን እንዳወጡና እንዳወረዱ አላውቅም። በመጨረሻ «አንቺ ብትናገሪ ሰው አይሰማሽም። የመርፌ ወገን ነሽ ይሉሻል» አሉ። «እኔ እናገራለሁ። ከእንግዲህ ወንዙን ተሻግሮ መርፌውን ያልጀመረ ሰው ከደጄ አይደርስም። መጀመሪያ ይሻገር፤ አርባ ቀን የሚባለውንም ትቼዋለሁ።»

አዴ ዘይቱና ግን ቃላቸውን ከመለሱ በኋላ ዝም አላሉም። በገበያ ቀን የቡ መሐል ቆመው፣ ረዲያን ከጎናቸው አቁመው፣ የሆነውን ሁሉ ተናገሩ፤ የራሳቸውን ጥፋት ጨምረው። ግማሹ ሰው ሰማ፣ ግማሹ የአባ ፊጣን ስም ልትወስድ ነው ብሎ አጉረመረመ። አባ ፊጣ እንዳሉት፣ አገሩን የለወጠው የሳቸው ትእዛዝ ነው። አዴ ዘይቱና ይህን አውቀውታል። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን «ስሙን ማንም ይውሰደው» ሲሉ አልሰማኋቸውም።

እኔ ከመንግሥት ሥራ ለቅቄ አሁን በአይሱዙ ቡና አመላልሳለሁ። ከቀብራቸው ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከየቡ ወዲያ ባለው መንገድ ስመጣ አንድ ሰውዬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ሲያነክስ አየሁ። ቁስሉ ታጥቦ ቀልቷል። አቁሜ አሳፈርኩት።

«ውሻ ነው?»

«ውሻ ነው። ወደ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ ነው። መጀመሪያ አባ ፊጣ ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ተሻግረህ መርፌውን ሳትጀምር ደጄ አትድረስ ብለው መለሱኝ። የጥንት ሕግ ነው አሉ፤ ከአባታቸው የወረሱት።»

ሽማግሌውን ልሰድባቸው ቃጣኝ። ከዚያ ማርቆስ ትዝ አለኝ፤ የሚስቱም ጥያቄ።

«ከአባታቸው አይደለም» አልኩት። «ከአዴ ዘይቱና ነው።»

«እሳቸው ደግሞ ማን ናቸው?»

የቡ እስክንደርስ ሁሉንም ነገርኩት። ረዲያን፣ ግንዱን ድልድይ፣ «ቶሌ» ያሉበትን ቀን፣ ማርቆስን፣ ገበያውን። ውሻ ከታቢ መሆናቸውንም ሳልሸፋፍን ነገርኩት። ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ ነበር የሚሰማኝ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሳቆም ቶሎ አልወረደም።

«አሁን የት ናቸው?»

«አርፈዋል። ሦስት ሳምንታቸው ነው።»

«ኢና ሊላሂ» አለ ቀስ ብሎ። «አለመስማቴ ነው እንጂ ለቅሶ እደርስ ነበር» አለኝ። «ቤታቸው የት ነው?»

«ጅማ ነው። አወቱ መንደራ።»

«መርፌውን ልወጋና ውሰደኝ። ለልጆቻቸው አንድ ቃል ልናገር።»

እያነከሰ ገባ። ያ የለቅሶ ቤት ወሬ፣ ያ አማች፣ ያ የዝናብ ጨዋታ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ቡናው በሰዓቱ መድረስ ነበረበት። ሞተሩን አጠፋሁና ጠበቅኩት።